ለእግሯ ነው

እግሬ ጤነኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደባርቅ ውስጥ የሚያምነኝ ሰው ስለጠፋ፣ ቢያንስ እናንተ እንድታምኑኝ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ያለ አንዳች ቅሬታ አገልግለውኛል። ቁጭ ማለት የማልወድ ሰው ስለሆንኩ ከሌላው ሰው እግር ይልቅ ብዙ ለፍተዋል፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ ቀን አመመን ብለው አያውቁም። ያመመኝ ሌላ ነው።

የምሠራው መናኸሪያ ነው፤ ትኬት እቆርጣለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር፣ እኔ ካልሄድኩ ሌላውን ልሸኝ ብዬ እዚያች መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። መንገድ ሲከፈት "ዳባት፣ ጎንደር፣ ዳባት፣ ጎንደር" እያልኩ ስጮኽ እውላለሁ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሰው እየመጣ "መቼ ይከፈታል?" ይለኛል፤ ቁልፉ ኪሴ ያለ ይመስል። ሰሞኑን የሚዘጋበት ቀን ከሚከፈትበት በልጧል።

እንቅልፌ መጀመሪያ አካባቢ ማርፈድ ጀመረ፤ ኋላ ጭራሹን ቀረ። ደረቴ ላይ አንድ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ውረድልኝ ብለው አይወርድም። ከዚያ ማልቀስ መጣ። እኔ አለቃሽ ሴት አይደለሁም፤ በቀብር ላይ እንኳ የሚያለቅሱትን ሰዎች ጫማ ስመለከት ነው የምውለው። አንድ ቀን ግን አንድ ጎልማሳ መስኮቴ ላይ መጥተው "አንድ አዲ አርቃይ" ሲሉኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውየው ደንግጠው ወደ ኋላቸው ተመለከቱ። "ግድ የለም ልጄ፣ ነገም ቢሆን እሄዳለሁ" አሉኝና ሄዱ። ለካስ ትኬት ስላለቀ ያለቀስኩ መስሏቸዋል።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ኮሶዬን ነው። ከጎንደር ስመለስ መኪናችን ጎማ ተንፍሶበት፣ መንገደኛ ገደሉን ለማየት በሚቆምባት በኮሶዬ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ ፎቶ ይነሳል፤ እኔ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ነፋሱ ደስ ይል ነበር። እዚያ ቆሜ ድካሜ የሚያልቅበት ቦታ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አሰብኩ፤ ሐሳቡም ምንም አላስደነገጠኝም። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። ተመለስኩ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ቆሎ ዘገነችልኝ፣ በላሁ። የደነገጥኩት ዳባት ስንደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ የምፈራው ገደሉን አይደለም፤ "ክላክሱ ባይነፋስ?" የሚለውን ነው። ያ ሐሳብ ተመልሶ ሳይመጣብኝ፣ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው መናገር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ።

እናም ሐኪም ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ነገር እዚያ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ካርድ ክፍሏ መስኮት ውስጥ እንደኔው የተሰላቸች ሴት ተቀምጣለች። የመስኮት ሰው የመስኮት ሰውን ያውቃል ብዬ በድፍረት ቀረብኩ።

"ምንሽን ነው?"

"የአእምሮ ሐኪም ፈልጌ ነው።"

"ለማን?"

"ለኔ።"

ቀና አለች። "ማን ይዞሽ መጣ?"

"ማንም። ብቻዬን ነኝ።"

"ብቻሽን? መንገዱን ማን አሳየሽ?"

"የደባርቅ ልጅ ነኝ እኮ።"

"ስሚኝ እህቴ፣ አስታማሚ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ይዘሽ ነይ። የሆንሽውን የሚያወራልሽ ሰው መኖር አለበት።"

"እኔው አወራለሁ።"

"የምታወሪ ከሆነማ ምን ልሁን ብለሽ መጣሽ?"

ያስለመድናቸው እኛው ነን፤ እኛ አገር ለአእምሮ ሕክምና የሚመጣው ሰው በሁለት ጎረምሳ ተይዞ፣ አንዳንዴም በገመድ ታስሮ ነው። ጸጉሯን ተሠርታ፣ ጫማዋን ጠርጋ፣ በእግሯ የመጣች ታማሚ ለካርድ ክፍሏ ቀልድ ናት። ሐኪሙ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ እንደሚገባ ነግራኝ ትንሽ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ "የሚመጣው ረቡዕ። ከቤተሰብ ጋር" አለችኝ።

ዞር ስል ከኋላዬ እትዬ ደብሪቱ ቆመዋል። እትዬ ደብሪቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ግፊታቸውን ሊለኩ ነው የመጡት። ምን እንደሰሙ አላውቅም። እንዳዩኝ ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እትዬ ደብሪቱ ካዩ ባጃጅ አይቀድማቸውም።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ወሬው ቀድሞኛል። እንቅልፍ ማጣቴን ነገርኳት፣ ደረቴን ነገርኳት፣ ለቅሶዬን ነገርኳት። ኮሶዬን አልነገርኳትም፤ እሱን ለባለሙያው ነው ያስቀመጥኩት። እማዬ ሁሉንም ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ማን ሰማ?"

"እኔ እንቅልፍ የለኝም እያልኩሽ ነው።"

"ሰምቻለሁ። ማን ሰማ ነው የምልሽ።"

አትፍረዱባት፤ ወይም ፍረዱባት፣ እኔም ፈርጄባታለሁ። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ታጭታለች። ሽማግሌ የላኩት ዳባቶች ናቸው፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ልጅ ከመስጠትና ከመቀበል በፊት ዘር ይቆጠራል። የሚጥለው አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ እየተባለ እስከ ቅድመ አያት ድረስ መቃብር ሲቆፈር ይከርማል። እኔ ደግሞ ቅድመ አያት አይደለሁም፤ እዚሁ ምድጃ ዳር የተቀመጥኩ ነኝ።

"እማዬ፣ አላበድኩም እኮ።"

"እኔ አውቃለሁ። ዳባቶች ያውቃሉ?"

ይህን ብላ ሳትጨርስ እትዬ ደብሪቱ "ቤቶች" ብለው ገቡ። ገና ሳይቀመጡ "ልጄን ሐኪም ቤት ባየኋት ጊዜ ሆዴ አልችል አለ። ምን አገኛት?" አሉ።

እማዬ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ "እግሯን ነው" አለች።

የሦስታችንም ዓይን እግሬ ላይ አረፈ። እኔ ራሴ እንደ አዲስ አየሁት።

"የትኛውን?"

"ግራውን" አለች እማዬ። ያን ጊዜ እኔ ነገሩን ላግዝ ብዬ ብድግ አልኩና በቀኙ አነከስኩ። እትዬ ደብሪቱ ግንባራቸውን ቋጠሩ። እማዬ ግን ምን አለች መሰላችሁ? "ግራው ሲያማት ቀኙን ይጎትትባታል።" ሐኪም ተብዬውም እንዲህ አያብራራ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጥየቃ ሆነ። ዳቦ የያዘ፣ እንቁላል የቋጠረ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ምክር የጫነ ሰው ቤታችንን ሞላው። ለእግር የማይታዘዝ ነገር የለም። አንዷ ፌጦ በቅቤ አሺው አለችኝ፤ አንዷ የበግ ላት ጠቅልይበት አለችኝ፤ ሌላዋ ቁልቁል ተኝተሽ እግርሽን ግድግዳ ላይ ስቀይ ብላ ራሷ ተኝታ አሳየችኝ። ሰው ስለ እግሩ ሲያወራ አያፍርም። ስለ ቁርጭምጭሚታቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሟች ባላቸው ቋቁቻ ሳይቀር አወጉኝ። አንዷ ሴት በመሃል ጎንበስ ብለው "እንቅልፍሽስ እንዴት ነው ልጄ?" አሉኝ። በስንት ቀኔ የጠየቀኝ ሰው። አፌን ልከፍት ስል ራሳቸው መለሱት፤ "እግር ሲያም መቼ እንቅልፍ ይሰጣል" አሉና ወደ ዳቧቸው ተመለሱ።

መናኸሪያ ያሉት ረዳቶች ደግሞ በእግሬ ይዝናናሉ። "ተዋት ባክህ፣ ለእሷ አንድ እግር ይበቃታል፤ የምትሠራው በአፏ ነው" ይባባላሉ። እኔም እንደ ልማዴ እሳደባለሁ። እየተሳደብኩ ግን ደረቴ ላይ ያ ሰው ተቀምጧል።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። የንስሐ አባታችን የእግሬን ወሬ ሰምተው አዝነዋል። ጠበሉን በእጃቸው ይዘው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አፈሰሱልኝ። የደባርቅን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ቅዝቃዜውን አልገልጽለትም። እኔን ግን ያሳዘነኝ ቅዝቃዜው አይደለም። ይህን የመሰለ ጸሎት ያለቦታው መውረዱ ነው።

"አባ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ጉልበትሽ ላይ ነው እንዴ ልጄ?"

"ትንሽ ከዚያም ከፍ።"

"ወገብሽን ነው?"

"ከዚያም ትንሽ..."

እማዬ ሳለች። የእማዬን ሳል ብትሰሙት ሰልፍ ያስይዛል። "ጉልበቴ ላይ ይበቃል አባ" አልኩ። ራሴ ደረቅ፣ እግሬ የራሰ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ወይዘሮ የሺ መጡ። ወይዘሮ የሺ ማለት የዳባቱ ሙሽራ እናት፣ እማዬ የምትፈራቸው ሴት ናቸው። ትልቅ ድፎ ዳቦ አሸክመው፣ ከኋላቸው አንድ ረዥም ሽማግሌ አስከትለው ገቡ።

"የልጄ እህት ልጄ ናት፤ እሷ ታማ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉ። ቀጥለውም ወደ ሽማግሌው እያመለከቱ "አያ ተገኘ ናቸው። በኛ በኩል እንደሳቸው ያለ ወጌሻ የለም። የወደቀ በሬ ያስነሳሉ" አሉ።

በሬ ስላልሆንኩ ይቅርብኝ ልል ነበር። እማዬን አየኋት፤ እማዬ መሬቱን አየች። አማት የምትሆነው ሴት ያመጣችውን ወጌሻ መመለስ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ከመመለስ አይተናነስም።

አያ ተገኘ ቅቤ እጃቸውን ቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጤነኛ ቁርጭምጭሚቴን እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። እግዜር ይስጣቸውና ምንም የለም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣

"አለ" አሉ።

"ምን አለ?" አለች እማዬ፣ ከኔ ይልቅ ደንግጣ።

"ቦታውን ለቋል። ሸሽቷል።"

ወጌሻ ከዳባት ድረስ ተለምኖ፣ ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም። ወይዘሮ የሺ ትከሻዬን ያዙ፣ አያ ተገኘ ተረከዜን ያዙ፣ እማዬ ጸሎት ያዘች። ሳቡት። ቋ አለ። እኔና እማዬ ተያየን። ውሸታችን እውነት ሲሆን ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው።

"አሁን ገባ" አሉ አያ ተገኘ ላባቸውን እየጠረጉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ገብቶ ነበር።

እስኪመሽ ድረስ እግሬ እንደ ወይዘሮ የሺ ድፎ አበጠ። ማክሰኞ መርገጥ አቃተኝ። እማዬ ፋሻ እያሰረችልኝ "እንግዲህ ነገ አትሄጂም። አያ ተገኘ ሁለት ሳምንት አትርገጥ ብለዋል" አለች፤ ድምጿ ውስጥ እረፍት ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የመረረኝ።

"እማዬ፣ ነገ ካልወሰድሽኝ ዳባት ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"በምን እግርሽ?"

"ትኬት ቆራጭ ነኝ እኮ። መኪና አላጣም።"

ረቡዕ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ባጃጅ ጠራች።

ረቡዕ ገበያ ነው። ከበግና ከአህያ መሃል ባጃጃችን እየተሽሎከሎከች፣ የገጠሩ ሰው ሁሉ የተንጠለጠለ እግሬን እያየ "እግዜር ይማርሽ" እያለኝ ሐኪም ቤት ደረስን። ያቺ ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ስታየኝ ከመስኮቷ ወጣች። ከመስኮቷ፣ አስቡት። "ውይ እህቴን" አለችና ባለ ጎማ ወንበር አስመጣች። ሰልፉ ሁሉ "እሷ ትለፍ፣ እሷ ትለፍ" አለ። ወረቀቴን ላሳያት ብዘረጋ "ቆይ፣ መጀመሪያ እግርሽ ይታይ" ብላ ወደ ራጅ ላከችኝ። ባለፈው ራሴን ይዤ ስመጣ የቆምኩበትን ቦታ በወንበር አለፍኩት። እግር ይዞ ለመጣ ሰው ደባርቅ እንዴት ያለች ደግ ከተማ ናት።

ራጅ ተነሳሁ፣ ጠብቄ ተነበበልኝ። "አልተሰበረም፤ ጅማቱ ነው የተጎዳው። ማን ነካው?" አለኝ ራጁን ያነበበው ሐኪም። እማዬ "ወድቃ ነው" አለች። አዲስ ፋሻ ታሰረልኝ። ወደ ስድስት ሰዓት እየተጠጋ ነው። የረቡዕ ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ይወጣል። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተፈልጎ ስለተወሰደ በእማዬ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ አንሶላ የተሰጣበትን ጓሮ አልፈን መጨረሻው ክፍል ደረስን።

በሩ ላይ "የአእምሮ ጤና" ይላል። ከበሩ ፊት አንድ አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች። እማዬ "እንደምን ዋሉ" ብላ አጠገቧ ልታስቀምጠኝ ስትል ነጠላው ትንሽ ወረድ አለ።

ወይዘሮ የሺ ናቸው።

ከዳባት እዚህ ድረስ የመጡት እዚያ ሰው እንዳያያቸው መሆኑን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። በሩን አየሁ፣ እሳቸው በሩን አዩ፣ እማዬ በሩን ላለማየት ጣራውን አየች።

"ለእግሯ ነው" አለች እማዬ መጨረሻ ላይ።

"እኔም ለዓይኔ ነው" አሉ ወይዘሮ የሺ።

"ዓይን ክፉ ነው።"

"እግርም ክፉ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ስለ ዓይንና ስለ እግር እያወጉ፣ አንዱ የሌላውን ሳይጠይቅ፣ እንደ ዘመድ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋብቻ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

ተራዬ ደረሰ። ሐኪም ያልኳችሁ ነርስ ነው፤ ወጣት፣ ዓይኑ የቀላ፣ እሱም ሳይተኛ ያደረ የሚመስል። እኔን ሳይሆን እማዬን ተመለከተ።

"እሺ እናቴ፣ ምን ሆና ነው ያመጧት?"

እማዬ አፏን ከፈተች፤ ከአፏም "እግሯን ነው" ወጣ። እዚያ ክፍል ውስጥ። ነርሱ ፋሻዬን አየ፣ ካርዴን አየ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናቴ፣ እግር የሚታየው በወዲያኛው..."

አምስት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ከሁሉም በላይ የሚሰማ ድምፅ ያለኝ ሴት፣ ድምፄ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ እለዋለሁ ብዬ ያዘጋጀሁት ንግግር የለም። የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ኮሶዬ ላይ መኪናው ቆሞ ነበር" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ነፋሱን፣ ድካሜን፣ እንዴት ቀላል እንደመሰለኝ፣ ክላክሱን።

ነርሱ አላቋረጠኝም። ያቋረጠችው እማዬ ናት። ወደ እኔ ሳትዞር፣ ጠረጴዛውን እያየች፣

"እዚያ የድንጋይ ካብ አለ" አለች።

"አለ።"

"ከካቡ ወዲህ ነበርሽ?"

መዋሸት እችል ነበር። እንዴት እንደሚዋሽ ከእሷ ተምሬያለሁ።

"ወዲያ" አልኩ።

እማዬ አላለቀሰችም። እጇን ዘረጋችና የታሰረ እግሬን ያዘች፤ ሌላ የምትይዘው ያጣች ይመስለኛል። አጥብቃ ስለያዘችው አመመኝ፤ ልቀቂኝ አላልኳትም።

ነርሱ ብዙ ጠየቀኝ። እኔን ነው የጠየቀኝ። ክኒን ጻፈልኝ፣ በየወሩ እየመጣሽ እናወራለን አለኝ፣ እማዬን ደግሞ ብቻዬን እንዳትተወኝ ነገራት። "ይህ በሽታ ነው፤ ይታከማል" አለ፤ ስለ ጉንፋን እንደሚያወራ ሰው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት አንድ ቁርጭምጭሚት ከፍያለሁ።

ስንወጣ ወይዘሮ የሺ ለዓይናቸው ገቡ።

ቤት ስንደርስ ጠያቂ ሞልቷል። ቢያንስ ዛሬ ዝም ትላለች ብዬ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ "ጅማቷ ነው አሉ፤ ተጠግኗል" አለች፤ ሴቶቹም ስለ ጅማት ማውጋት ጀመሩ። ያን ቀን ጠላኋት። ከካቡ ወዲያ መቆሜን ሰምታ፣ ያንኑ ውሸት እንደ ንጹህ ሰሃን አጥባ መልሳ አቀረበችው። ፋሲካ አልፎ ሰርጉም ተደረገ። እማዬና ወይዘሮ የሺ ተቃቅፈው ጨፈሩ፤ አንዷ ስለ ዓይኗ፣ አንዷ ስለ እግሬ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እግሬ ዳነ። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ክኒኑ እንቅልፌን በጥቂቱ መልሶልኛል፤ ደረቴ ላይ ያለው ሰውዬም አንዳንድ ቀን ይነሳል። ቀጠሮዬ ግን በየወሩ ነው፣ ቀጥ ብዬ ስራመድ ደግሞ ሰው ያየኛል። እንደገና አንክሺ ልትለኝ ነው ብዬ ጠብ ሰንቄ ረቡዕ ጠዋት ከጓዳ ወጣሁ። እማዬ ለብሳ፣ የሟቹን አባቴን ከዘራ ይዛ ግቢው መሃል ቆማለች።

"ምን ሆንሽ?"

"እግሬን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዛሬ። ያንቺ ድኗል ብያቸዋለሁ። የኔ ግን በየወሩ የሚታይ ነው፤ አስታማሚ ያስፈልገዋል።"

እውነቱን ተናገሪ ነበር ያልኳት፤ እሷ ውሸቱን ከኔ ላይ አንስታ ራሷ ተሸከመችው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩኽ አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም። ሰዓቱ እየሄደ ስለነበር ክንዷን ያዝኩ።

ጥግ ላይ እትዬ ደብሪቱ አገኙን። እማዬን ከላይ እስከ ታች አዩና ወደኔ ጠጋ ብለው "ምስኪን፣ ካንቺ ተጋባባት እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው። "ከኔ ነው።"

እማዬ አልዞረችም። ስድስት ሰዓት እንዳያልፍብን ፈጠን አለች፤ ትንሽ ሄደችና ማነከሷን አስታውሳ ቀስ አለች።